ጮክ ብለሽ ተሳሳቺ

«ጠርዝ» አለች ልጅቷ። ግን ዘግይታለች፤ ያለችውንም ከራሷ በቀር የሰማ አልነበረም። በአጭር ገመድ ከእጇ ጋር የተያያዘችው ሴትዮ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ አደናቅፏት በጉልበቷ አስፋልቱ ላይ ተደፋች።

ልጅቷ ክው ብላ ቀረች። ሴትዮዋ ዓይነ ስውር ናት። በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ሆና ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከዓይነ ስውራን የሩጫ ቡድን ጋር ትሮጣለች። እያንዳንዱ ሯጭ አብሮት እየሮጠ መንገዱን በቃል የሚነግረው በጎ ፈቃደኛ ያስፈልገዋል። የሴትዮዋ መሪ የልጅቷ ታላቅ ወንድም ነበር። ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ወለም ሲለው፣ እናታቸው ሰው ጠብቆ መቅረት የለበትም ብላ በሱ ፋንታ እሷን ላከቻት።

ሩጫው ለልጅቷ አይከብዳትም። የሚከብዳት ማውራት ነው። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀች እጇን አታወጣም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍራ፣ ሰፈሯን አልፋ ሄዳ በእግሯ የተመለሰችበት ቀን ብዙ ነው። የክፍል ጓደኞቿ «ጥላ» ይሏታል፤ ትታያለች እንጂ አትሰማም።

ሴትዮዋ ተነሥታ አቧራዋን አራገፈች። ጉልበቷ ደምቷል። ልጅቷ ይቅርታ እየጠየቀች ሌላ መሪ እንደምትፈልግላት ነገረቻት።

«ሌላውም ይጥለኛል» አለች ሴትዮዋ። «እኔን የሚጎዳኝ ስህተት አይደለም፤ ዝምታ ነው። ከተሳሳትሽም ጮክ ብለሽ ተሳሳቺ።»

ከዚያም «እርስዎ» ማለቱን ከለከለቻት። «ይጠንቀቁ» ተብሎ እስኪያልቅ ጉድጓዱ ይቀድማልና «አንቺ» እንድትላት አዘዘቻት። ልጅቷም የተባለችውን አደረገች፤ ቀኝ ለማለት ጮክ ብላ ግራ አለች። ሁለቱም ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ። ሴትዮዋ ቅጠል ከጸጉሯ እየለቀመች ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ሳምንታት አለፉ። ልጅቷ ሰፈሯን እንደ አዲስ ማየት ጀመረች። የተሰነጠቀ አስፋልት፣ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ፣ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ሁሉም በጊዜው ከአፏ መውጣት ነበረበት። ልማድ ሆኖባት አንድ ቀን እናቷን «ደረጃ፣ ወደ ላይ» ስትላት ወንድሟ ሲስቅባት ዋለ።

ትልቁ የጎዳና ሩጫ ሲቃረብ የወንድሟ እግር ዳነ። እሱ ፈጣን ነው፤ የሰው ብዛትም አያስፈራውም።

«በቃ፣ ከዚህ በኋላ እኔ አለሁ። ያን ሁሉ ሕዝብ አትችዪውም» አላት። ለሷ አስቦ ነው።

ልጅቷ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር። እሺ ብላ መገላገል ትችል ነበር፤ ወትሮ እንደዚያ ነው የምታደርገው። ክሩን አጥብቃ ቋጠረችው።

«እኔው እጨርሰዋለሁ» አለች። ወንድሟ እንግዳ ሰው እንዳየ ሁሉ ትክ ብሎ አያት።

በውድድሩ ቀን ጎዳናው በሰው ተጥለቀለቀ። ልጅቷ ሳታቋርጥ ትናገራለች፤ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ውኃ በግራ። በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ግን ሩጫውን ትተው በእግራቸው የሚያዘግሙ ሰዎች መንገዱን ሞልተው ፎቶ ይነሣሉ። ሴትዮዋ ፍጥነቷን አልቀነሰችም፤ ምክንያቱም ቁሚ ያላት የለም።

«መንገድ! መንገድ ልቀቁ!»

ድምፁ ከየት እንደመጣ ራሷም አላወቀችም። እነዚያ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ደንግጠው ዞሩና ግራና ቀኝ ተከፈሉ።

«ፊታችን ማን አለ?» አለች ሴትዮዋ እያለከለከች።

«እንደኛ በገመድ የተያያዙ ሁለት ሴቶች።»

«እንደርስባቸዋለን?»

ልጅቷ ርቀቱን በዓይኗ ለካች። ይህን ሊመልስ የሚችል ሌላ ሰው አልነበረም።

«እንደርስባቸዋለን፣ እትዬ። ሜዳ ነው፤ እንቅፋት የለም። ያለ የሌለ ጉልበትሽን አውጪ።»

ሴትዮዋ ተፈተለከች። ከመድረሻው መስመር ጥቂት ሲቀራቸው ሁለቱን ቀድመው ከዓይነ ስውራን ምድብ አንደኛ ሆነው ገቡ። ላብ በላብ ሆነው ተቃቀፉ። ወንድሟ ከተመልካቹ መሀል ላወቀውም ላላወቀውም ሰው «እህቴ ናት፣ እህቴ ናት» ይላል።

ከመድረሻው አጠገብ ጥቁር መነጽር ያደረጉ አዛውንት ተቀምጠዋል። የመወዳደሪያ ቁጥራቸው ደረታቸው ላይ ነው። መሪያቸው ስለቀረ ግን አልሮጡም።

«መንገድ ልቀቁ ያልሽው አንቺ ነሽ?» አሏት ድምፅዋን ሲሰሙ።

«አዎ አባባ፣ እኔ ነኝ።»

«ከሩቅ ሰማሁሽ። እዚሁ ቁጭ ብዬ አብሬያችሁ ሮጥኩ» ብለው ሳቁ።

ልጅቷ መሳቅ አቃታት። የቡድኑን አስተባባሪ ስትጠይቃት፣ በየሳምንቱ ተዘጋጅተው መጥተው መሪ አጥተው የሚመለሱ ብዙ እንደሆኑ ነገረቻት።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ሊጀመር ሲል ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ቆመች። መምህሩ የታመመች መስሏቸው መውጣት እንደምትችል ነገሯት። እሷ ግን ለትንሽ ጊዜ ለመናገር ፈቃድ ጠይቃ ወደ ሰሌዳው ሄደች። ክፍሉ እስኪረጋ ጠበቀችና፣ ከኋላ የተቀመጡትም እንዲሰሟት አድርጋ ተናገረች።

«ቅዳሜ ጠዋት እግሩንና አፉን የሚያውሰኝ ማነው?»