የመድረኩ ሥር ቦይ

ንጉሡ ጦር ካዘመተ በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ በገዥው ግቢ ያለው የቁጥቋጦ አጥር ከሥር ጀምሮ ቢጫ ሆነ፤ ቅጠሉም ገና ሲነኩት ይረግፍ ጀመር። አጥሩን የተከለው የቀድሞው አትክልተኛ ነበር፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ሥራውንም፣ በበሩ አጠገብ ያለችውን አንዲት ክፍልም የያዘችው ሚስቱ ናት። ግቢው ሁሉ "እትዬ መቀስ" ይላታል፤ መቀሷ ከእጇ አይለይም፤ ምላሷም ከመቀሷ አይተናነስም ነበርና።

አንድ ልጇ በዚያው ዘመቻ ሞቶባታል። የግቢው አዛዥ ይህንኑ ሰበብ አድርጎ ገዥው ፊት ቀረበና፣ "ክቡር ሆይ፤ ይህች ሴት ስለ ልጇ ቂም ይዛ አትክልቱን መርዛዋለች" አለ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ ነው ይህን የተናገረው!

እትዬ መቀስ ተጠራች። ዶማዋን ይዛ መጣች፤ አንዱንም ቁጥቋጦ ከነሥሩ ነቅላ ገዥው እግር አጠገብ አኖረችው። ሥሩ ጠቁሯል፤ ላሽቋል፤ ይሸታል፤ ጉድጓዱም ወዲያው ውሃ ሞላ።

"ጌታዬ፤ መርዙ ይኸውልዎ፤ ውሃ ነው። አዛዡ የድል ሰልፉን መመልከቻ መድረክ ሲያሠሩ ከሥሩ የሚያልፈውን የውሃ መውረጃ ቦይ በድንጋይ ደፈኑት። ያን ጊዜም ተዉ ብዬ ነበር። ዝናቡ መሄጃ አጣ፤ ሥሩ ታፍኖ በሰበሰ፤ ታዲያ ቅጠሉ ቢጫ ካልሆነ ምን ይሁን? ቦዩ ይከፈት፤ የበሰበሰው ይቆረጥ፤ አፈሩ እስኪጠፈፍ ጠብታ ውሃ አይጨመርበት።"

በዙሪያው የቆሙት ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ድንጋዩን የተሸከሙት እነሱው ናቸው። አንዱም ትንፍሽ አላለም! ገዥውም መድረኩን ያዘዘው ራሱ ነበርና ዓይኑን ከጉድጓዱ አንሥቶ፣

"መድረኩ አይነካም። አንቺም እስከ ማታ ክፍሉን ልቀቂ" አለ። ልጇን ወልዳ ያሳደገችበትን ክፍል!

እህቷ ዕቃ ልታግዛት ብትመጣ፣ እትዬ መቀስን ከመድረኩ ሥር በሆዷ ተኝታ ድንጋይ ስትፈነቅል አገኘቻት።

"አንቺ ሴት፣ አብደሻል እንዴ? ይድረቅባቸው! የእጃቸውን ያግኙ!"

"እነሱ ያግኙ፤ ቁጥቋጦው ምን አደረገኝ? ባሌ በእጁ የተከለው ነው። ይልቅ ዶማውን አቀብዪኝ፤ አፍሽን ከምትከፍቺ ቦዩን ክፈቺልኝ።"

እህቷ እየተራገመች ጎንበስ አለች፤ ውሃውም እየተንፎለፎለ ወረደ። ማንም አላያቸውም።

ክረምቱ ወጥቶ ጥቂት እንደ ቆየ አጥሩ አዲስ ቅጠል አወጣ፤ ለመለመ። አዛዡ ምን ቢል ጥሩ ነው? "አላልኩም? እሷ ስትሄድ መርዙም ቆመ!" ነገሩም ዳኛ ፊት ቀረበ፤ ዳኛው ልምላሜውን ማስረጃ አድርጎ "መርዛለች" ሲል ፈረደባት፤ ከዚያ ወዲያ ደጃፉ ላይ አንድ ችግኝ እንድትነካለት የሚፈቅድ ሰው ጠፋ፤ በእህቷ ጓዳ እንደ ተጠጋች ሞተች። ጉድ እኮ ነው! በእጇ ያዳነችው አጥር መሰከረባት።

የዘመኑ ጸሐፊ የዚያን ዓመት ነገር ሲያትት የሰልፉን ግርማ፣ የመድረኩን ውበት፣ የአዛዡን ንቃት አወደሰ፤ እሷን ግን "መርዘኛዪቱ ሴት" ብሎ አለፋት፤ ስሟን ለመጠየቅ እንኳ አልደከመም። አጥሩ ከጸሐፊውም፣ ከአዛዡም፣ ከገዥውም ዕድሜ በላይ ኖረ፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው እሷ በከፈተችው ቦይ ይወርዳል፤ መድረኩ ላይ የሚቆሙትም ልምላሜውን እያዩ እስከ ዛሬ አዛዡን ያመሰግናሉ።