እምቡጥ በእምቡጥ

«ላኪያት በናትሽ! ምን ትጠብቂያለሽ? ባቡርሽ እየመጣ ነው እኮ!»

ቺጉሳ የጮኸችው ከሐዲዱ ማዶ ለቆመችው ለማፉዩ ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች ከትምህርት ቤት አብረው ይወጡና ጣቢያው ላይ ይለያያሉ፤ ማፉዩ ወደ ከተማ በሚወጣው፣ ቺጉሳ ወደ ባሕሩ በሚወርደው ባቡር ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ሐዲዱን መሃል አድርገው የተረፈቻቸውን ወሬ በጩኸት ይጨርሷታል። የጣቢያው ሠራተኛ መጀመሪያ ሰሞን ይቆጣቸው ነበር፤ አሁን ሰልችቶት ትቷቸዋል።

ዛሬ ግን ወሬ የለም። ሁለቱም ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል።

«እኔ ልኬያለሁ! አንቺ ነሽ ያልተጫንሽው!» አለች ማፉዩ፣ መነጽሯን ወደ ላይ እየገፋች።

ቺጉሳ ተጫነች። የሁለቱም እምቡጥ ከየስክሪኑ ተነሥታ በረረች።

ቶሞኖኬ የሚባለውን የአውሬ ለቀማ ጨዋታ የሚጫወት ሁሉ ዶኩሪሪን ያውቃታል። መርዛማ አበባ ናት። ቅጠሎቿ ወደ ኋላ የተቀለበሱ፣ መሃሏ ላይ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ፊት ያላት፣ ሽንኩርት በሚመስል ሥሯ እየተንከባለለች የምትሄድ ጉደኛ ናት። ሽታዋማ አይነሣ! ሌሎቹ አውሬዎች ገና ስትመጣ ሲያዩአት አፍንጫቸውን ይዘው ይሸሻሉ። እምቡጧን ማንም ሜዳ ላይ ለቅሞ፣ ስልኩን ይዞ በእግሩ እየተጓዘ ሊያሳድጋት ይችላል። ችግሩ ባሳደጋት ሰው እጅ አለመፍካቷ ነው። ለሌላ ሰው መሰጠት አለባት። በሰውየው ስልክ ላይ ትፈካለች፤ ከዚያ ሰውየው ይመልሳል። ካልመለሰ ደግሞ አለቀ፣ ክስ የለ ዳኛ የለ። በዚህ ሰበብ ስንቱ ጓደኛ ተኮራርፎ ቀርቷል!

ብዙው ሰው እምቡጡን ቀንድ አውጣ በሚባል የማይረባ አውሬ ለውጦ፣ ሲፈካ ተቀብሎ ይሄዳል። ሁለቱ ግን ዛሬ ለዚያ ጊዜ አልነበራቸውም። ነገ ቅዳሜ ባለሱቁ ኢናጋኪ-ሳን አሻንጉሊት ቤት የጨዋታው ውድድር አለ፤ ያሸነፈ ለትልቁ ውድድር ናጎያ ከተማ ይሄዳል። ስለዚህ እምቡጥ በእምቡጥ ተለዋወጡ፤ አንድ ላይ ፈክተው አንድ ላይ እንዲመለሱ።

የማፉዩ ባቡር እየተንጓጓ ገብቶ እሷን ጋረዳት። ልክ ያን ጊዜ የቺጉሳ ስልክ ተንቀጠቀጠ። እምቡጧ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዘች፤ አበጠች፤ አስነጠሰች። ከዚያ ቦግ! ቺጉሳ ቀይ ስትጠብቅ ስክሪኑ ወተት የተደፋበት መሰለ።

ነጭ!

«ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!»

ቦርሳዋን መሬት ጥላ ዘለለች። አጠገቧ የቆሙት አዛውንት ጋዜጣቸውን አጥፈው ፈቀቅ አሉላት። ምን ታድርግ! ቀይ ዶኩሪሪ በየመንገዱ ነው፤ ነጯ ግን መርዟ በምንም መድኃኒት አይለቅም። አንዴ ከረጨች ተጋጣሚው ቆሞ መሞቱን ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የለውም። እንዴት እንደምትገኝ የሚያውቅ የለም። በዝናብ ይዘዋት ሲሄዱ ነው ይባላል፣ አስርበዋት ሲያድሩ ነው ይባላል፣ መቃብር አጠገብ ነው የሚልም አለ። ያገኟት ሰዎች ፎቶዋን ለጥፈው ይጎርራሉ፤ እንዴት ሲባሉ ግን ጭጭ።

ቺጉሳ ቀና ስትል ባቡሩ ማፉዩን ይዞ ሄዷል። ወዲያው መልእክት ገባ።

«ያንቺዋ እኔ ጋ ቀይ ሆና ፈካች። የኔዋስ?»

የቺጉሳ አውራ ጣት ከሷ ጋር አልተማከረም። «ቀይ» ብሎ ጻፈና ላከ።

«ቀልዴን ነው እላታለሁ፤ አሁን እጽፍላታለሁ» አለች ለራሷ። ከመጻፏ በፊት ግን ሌላ መልእክት መጣ።

«ቀይ በቀይ ከሆነማ ምን አመላለሰን? እንደያዝን እንቅር። ባትሪዬም ሊያልቅ ነው።»

ማፉዩ እምቡጧን እንዲህ በቀላሉ ትተዋለች ብሎ ማን ይጠብቃል? ቺጉሳ ግን ደስታ አሳብዷት ነበርና ለመገረም ጊዜ አልነበራትም። «ልክ ነሽ!» ብላ መለሰች።

ቤት ስትደርስ ጫማዋን በር ላይ ወዲያና ወዲህ ወርውራ ገባች። አባቷ ዓሣ እየጠበሰ ነው። «ደርሻለሁ አይባልም እንዴ?» ቢላትም አልሰማችውም። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነጯን ዶኩሪሪ ስልኩ ከሚያመጣቸው አውሬዎች ጋር አጋጠመቻት። ዘንዶውን መረዘችው። የበረዶውን ድብ መረዘችው። ከድንጋይ የተሠራውን፣ ምንም የማይነካውን ግዙፍ ሳይቀር አስነጥሳ ደፋችው!

«ቀሽት! ኩረባያሺ፣ ነገ ጉድህ ይፈላል!»

ኩረባያሺ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ባለፉት ውድድሮች ቺጉሳን እያዛጋ አሸንፏታል። እያዛጋ! ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሣት።

ደስታዋ ከራሷ አልፎ ለቤቱ በቃ። እራት ቀርቦ ስልኩን ልታስቀምጥ ስትል ግን ከአበባዋ ራስ በላይ የተጻፈችውን ስም አየች። «ኡሜ» ትላለች።

ስሙን ያወጣችላት ማፉዩ ናት። ማፉዩ አስም አለባት፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲመጣ ከዛፍ ጥላ ሥር ነው የምትገኘው። ለኡሜ ስትል ግን ክረምቱን ሙሉ የወንዙን ዳር እያለከለከች ተጉዛለች። ቺጉሳ በብስክሌት እየዞረቻት «ነይ እንጂ አንቺ ኤሊ!» እያለች ስታበሽቃት ከርማለች። የራሷን እምቡጥ ያሳደገችው ግን ስልኩን ጎንታ የሚባለው ውሻቸው አንገት ላይ አስራ ነው። ጎንታ ድመት ባሳደደ ቁጥር እምቡጧ ታድግ ነበር።

ከስሙ አጠገብ «ስም ቀይር» የምትል ቁልፍ አለች። ቺጉሳ ጣቷን ወሰደችና መለሰችው፤ እንደገና ወሰደችና መለሰችው።

«ዓሣው አጥንት አለው?» አለ አባቷ። «ምነው አልዋጥ አለሽ?»

«ጠግቤ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት አሻንጉሊት ቤቱ በር ላይ ልጁ ተኮልኩሏል። ኢናጋኪ-ሳን ሽርጣቸውን አገልድመው፣ በተለመደው ጎርናና ድምፃቸው «አትጋፉ! መደርደሪያዬን የጣለ ከነአባቱ ይከፍላል!» እያሉ ይመዘግባሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ለመሸነፍ ይሄን ሁሉ መንገድ መጣሽ?» አለ ኩረባያሺ በሩን ተደግፎ። «ትጋትሽ ደስ ይለኛል።»

«መሐረብ ይዘሃል?» አለችው ቺጉሳ።

«ለምን?»

«ለእንባህ ነዋ።»

የሰሙት ልጆች «ኡኡ!» ብለው ሳቁበት። ሌላ ቀን ቢሆን ቺጉሳ ከደስታዋ ብዛት ትበር ነበር። አሁን ግን ዓይኗ ማፉዩን ነው የሚፈልገው።

ማፉዩ ሳንቲም ጎርሶ መጠጥ ከሚተፋው ማሽን ጎን ቆማለች። በእጇ የሜሎን ዳቦ ይዛለች፤ ቺጉሳ የምትወደውን፣ ላዩ ስኳር የተነሰነሰበትን።

«ላንቺ ነው» አለች፣ ዓይኗን መሬት ተክላ።

«ለምን?»

«ዝም ብዬ ነዋ! ለጓደኛ ዳቦ መግዛት ክልክል ነው? የምትጠጪውስ? የወይኑን ጭማቂ ነው የምትወጂው አይደል?» መልስ ሳትጠብቅ ማሽኑ ውስጥ ሳንቲም ከተተች።

ቺጉሳ ዳቦውን ገመጠች። «ጠርጥራኛለች» ብላ አሰበች። «አውቃብኛለች፣ ይሄ ዳቦ መቅጫዬ ነው።» አፍራ መሬት ብትገባ በወደደች። ከውስጥ ኢናጋኪ-ሳን «መዝገቡን ልዘጋ ነው!» ሲሉ ተሰማ። አሁን ዝም ብላ ብትገባ ኩረባያሺ አለቀለት፤ ናጎያም በእጇ ናት። ሌላ ማንም አያውቅም። ስትመለስ ግን ከዚች ልጅ ጋር ማዶ ለማዶ ቆማ ምን ብላ ነው የምትጮኸው?

«ማፉዩ» አለች፣ ዳቦውን በግድ ውጣ። «እንመላለስ። እምቡጦቹን፣ ማለቴ አበቦቹን።»

ማፉዩ ደነገጠች። «አሁን? ለምን? ቀይ በቀይ አይደሉ እንዴ?»

«ኡሜ ያንቺ ናት።»

«ይሁን፣ ሰጥቼሻለሁ! ውሰጃት!»

«አልፈልግም አልኩሽ!»

«እኔም አልፈልግም!» ማፉዩ ስልኳን ከጀርባዋ ደበቀች።

ቺጉሳ ግራ ገባት። ክረምቱን ሙሉ ያለከለከችላትን እምቡጥ እንቢ ትበል? ከዚህ በላይ ማድበስበስ አልቻለችም፤ ዓይኗን ጨፍና ተናገረችው።

«ዋሸሁሽ። ኡሜ ቀይ አይደለችም። ነጭ ናት። ትናንት ባቡሩ ከመውጣቱ በፊት ነው የፈካችው። ልነግርሽ ነበር፤ አልነገርኩሽም። ይኸው፣ ከፈለግሽ ስደቢኝ።»

ዓይኗን ስትገልጥ ማፉዩ የለችም። ወደ ታች ብትመለከት ማሽኑ ሥር ቁጢጥ ብላ ፊቷን በጉልበቷ መሃል ቀብራለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«አታልቅሺ! በናትሽ! ይኸው እሰጥሻለሁ፣ አሁኑኑ…»

ማፉዩ ፊቷን ሳታነሣ ስልኳን ከጀርባዋ አውጥታ ወደ ላይ ዘረጋችላት። ስክሪኑ ላይ እንቅልፍ ያልጠገበች ዶኩሪሪ ተዘርግታ ታዛጋለች።

ነጭ ናት።

ቺጉሳ ጎንበስ ብላ አየቻት። «ይቺ… ይቺ የጎንታ ናት?»

«የውሻሽ ናት!» አለች ማፉዩ፤ መነጽሯ በእንባ ርሷል፣ አፏ ግን መሳቅ ጀምሯል። «የውሻ እምቡጥ ሰርቄ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ነው ያደርኩት! እንመላለስ እንዳትዪኝ ብዬ ነው ዳቦ የገዛሁት!»

«አንቺ ሌባ!»

«ማን ነው ሌባ? አንቺ ነሽ ሌባ!»

እንደዚያ ተሳድበው አያውቁም፤ እንደዚያም ስቀው አያውቁም። ቺጉሳ ሆዷን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። የቀረው ዳቦ ለሁለት ተከፈለ። ስልኮቹን ጎን ለጎን አድርገው ተጫኑ፤ ኡሜ ወደ ማፉዩ፣ የጎንታም ወደ ቺጉሳ ተመለሰች። በድንገት ማፉዩ ማኘኳን አቆመች።

«ቆይ፣ ሁለቱም ነጭ? ባንድ ላይ? እንዲህማ በአጋጣሚ አይሆንም።»

ተያዩ።

«እምቡጥ በእምቡጥ ስለላክናቸው ነው» አለች ቺጉሳ በቀስታ። «ጥንድ ሆነው ነው የሚነጡት።»

«ታዲያ እስከዛሬ እንዴት ማንም አላወቀም?»

ቺጉሳ መልሱን ስታገኘው ፊቷ ጋለ። «ሁሉም ለጓደኛው ቀይ ነው እያለ ነዋ። ልክ እንደኛ።»

ማፉዩ ብድግ አለች፤ ዓይኗ ያበራል። «ስሚ፣ ለማንም አንንገር! እስከ ናጎያ ድረስ! ገብቶሻል? ሁለታችንም ነጭ ይዘን! ኩረባያሺን በመጀመሪያው ዙር አንቺ፣ ወይም እኔ…»

«ናጎያ!» ቺጉሳም ዘለለች። እጅ ለእጅ ተያይዘው እየሮጡ ወደ ሱቁ ገቡ።

ኢናጋኪ-ሳን እስክሪብቷቸውን አንሥተዋል። «ሌላ አለ? የለም? ልዘጋ ነው!»

ከመደርደሪያው ሥር፣ ዝቅ ባሉት በርጩማዎች ላይ ሁለት የአንደኛ ደረጃ ልጆች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል። አትዪብኝ እየተባባሉ እምቡጥ በእምቡጥ ተለዋውጠው መፍካቱን እየጠበቁ ነው። አንደኛዋ ልጅ ስልኳን አየች፤ ትንፋሿን ሳበች፤ ከዚያ ቶሎ ብላ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ጆሮዋ ቀላ።

«የኔዋ ምን ሆነች?» አለች ከጀርባዋ ያለችው፣ ሳትዞር።

«ቀይ። የኔዋስ?»

«ቀይ።»

ቺጉሳ እግሯ ቆመ።

«ምን ሆንሽ? ነይ እንጂ!» ማፉዩ እጇን ጎተተቻት። ዓይኗ የቺጉሳን ዓይን ተከትሎ በርጩማዎቹ ጋ ሲደርስ መጎተቷን ተወች። ቀስ ብላ እጇን ለቀቀቻት።

«የኔንም ስም አስመዝግቢልኝ» አለቻት ቺጉሳ።

ሄዳ በሁለቱ ልጆች አጠገብ ቁጢጥ አለች። ኩረባያሺና ጓደኞቹ ከኋላዋ ቆመዋል፤ የምትለው ሁሉ እንደሚሰማ ታውቃለች።

«እኔ ትናንት ጓደኛዬን ዋሽቻት ነበር» አለቻቸው። «እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ?»