ከመጨረሻው ገጽ

የማዘጋጃ ቤቱ ዐቃቤ ሕግ ጡረታ ሊወጡ ዘጠኝ ቀን ሲቀራቸው፣ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ከኋላ የተመቱበት ከባድ የወረቀት መብሻ ወለሉ ላይ ወድቋል። ፊታቸው ባለ አሥራ ሁለት ገጽ የሕግ አስተያየት ተቀምጧል፤ የሰፈሩ ክሊኒክ ያለበት መሬት ለአንድ ሕንፃ ሠሪ ቢሰጥ ሕግ አይከለክልም ይላል። በየገጹ ግርጌ አጭር ፊርማቸው አለ።

መርማሪዋን ጣቢያ ውስጥ «ጉጠት» ይሏታል፤ የያዘችውን አትለቅም። የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ በሩ ላይ ጠብቆ በግራ እጁ ጨበጣትና ገዳይዋን ሊያስረክባት ቸኮለ። ምክትላቸው ናት አለ፤ ጠዋት ሲጨቃጨቁ ኮሪደሩ ሁሉ ሰምቷል። ሬሳ ሳይነሳ የሰው ስም የሚያቀብል ሰው የጉጠትን ደም ያፈላዋል። አልፋው ገባች።

ጥበቃው በምሳ ሰዓት ከደረጃው ሥር አልተነሳም። ፎቅ ላይ የቀሩት ምክትሏ፣ ጸሐፊዋና ከሦስት ወር በፊት የተሾመው ሥራ አስኪያጅ ብቻ ነበሩ።

ምክትሏ አላለቀሰችም። አሥራ አንድ ዓመት ሥራ ያስተማሯት ሰው ሞተው እሷ ልትታሰር መሆኑ አንገብግቧታል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ጋሼ፣ ፈርመው በሰላም ጡረታዎን ይውጡ አልኳቸው። ‹አንቺን ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?› አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አላናገሩኝም። የተናደድኩት በራሴ ነው።»

ጸሐፊዋ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና ይህን እኔ አልተየብኩትም አለች። ሽማግሌው አሠራራቸው የታወቀ ነበር፤ ተንኮል ማብቂያው ላይ ይደበቃል እያሉ ማንኛውንም ሰነድ ከመጨረሻው ገጽ ጀምረው እያነበቡና እየፈረሙ ወደ ፊት ይመጡ ነበር።

«የሠርግ ጥሪ እንኳ ከታች ነበር የሚያነቡት» አለች፤ ፈገግ ልትል ሞክራ አልሆነላትም። «ያቺ አሮጌ ብዕራቸውም ታንጠባጥባለች። በጨርቅ ካልያዟት ጣት ታበላሻለች፤ ቀለሙም ቶሎ አይለቅም።»

ጨርቁ መሳቢያ ውስጥ ታጥፎ ነበር፤ ንጹሕ ነው። አጠገቡ የቀለም ጠርሙስ አለ፤ ሙሉ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ብዕር ግን ደርቃለች። ጉጠት ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠችና ሦስቱንም እዚያው ቢሮ ጠራቻቸው።

«ሲፈርሙ ያየ አለ?» አለች።

«እኔ ፊት ነው የፈረሙት፣ ጠዋት» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ደስ ብሏቸው። ከአንደኛው ገጽ ጀምረው እስከ መጨረሻው።»

ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችው።

«ቅደም ተከተሉስ እርስዎ እንዳሉት ነው» አለች ጉጠት። «አንደኛው ገጽ ላይ ፊርማው ደማቅ ነው። ዘጠነኛው ላይ ሳሳ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ብዕሩ ወረቀቱን ጭሮ ብቻ አልፏል። የፈረመው ሰው ከፊት ወደ ኋላ ሄዷል፤ ቀለሙ ሲያልቅም ጠርሙሱ የት እንዳለ አላወቀም። እሳቸው ቢሆኑ ደማቁ የመጨረሻው ገጽ ይሆን ነበር። እነዚህ ሁለቱ ይህን ያውቃሉ። እዚህ ፎቅ ላይ የማያውቅ አንድ ሰው ነው።»

«ይሄ ግምት ነው!»

«እንግዲያው ከመጣሁ ጀምሮ ኪስህ የከተትከውን ቀኝ እጅህን አውጣ።»

ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረዷን ሁሉም ሰማ። አላወጣም። አብሯት የመጣው ፖሊስ ጎትቶ አወጣው። ሁለቱ ጣቶቹ በሳሙና ተፈግፍገው ቆዳቸው ተልጧል፤ ጥፍሩ ሥር ግን የብዕሯ ጥቁር ቀለም አለ።

«አልፈርምም አሉ» አለ በመጨረሻ። «የወር ደመወዝተኛ ሽማግሌ ከተማውን ሙሉ አስቁሞ...»

«ከተማውን አይደለም ያስቆሙት» አለች ምክትሏ። «አንተን ነው።»

ሲወስዱት ዞራ አላየችውም። ክሊኒኩ እንዳይነካ የሚከራከር አዲስ የሕግ አስተያየት ለጸሐፊዋ በንዴት እየተናገረች ታስተይባት ጀመር። ተተይቦ ሲያልቅ ሰባት ገጽ ሆነ። ምክትሏ ወረቀቱን ተቀበለችና ከመጨረሻው ገጽ ጀምራ ፈረመች።