ሚስተር ግሪሰም የወደቀበት ጨለማ

ዛሬ በአርባ ሁለተኛው መንገድ ሰው የልጁን እጅ ይዞ ይንሸራሸራል። ይሄ ነገር በሆነበት ዘመን ከነልጁ እዚያ የተገኘ ሰው ግን አንድም መንገድ የጠፋው ነው፣ አንድም ልጁን የጠላ። ወደ ስምንተኛው ጎዳና ጥግ ያለው ፓላዲን ቴአትር ደግሞ ከሁሉም የባሰው ነበር። ቀን ቀን የተቆራረጠ ፊልም ያሳያል፤ ሲመሽ ሴቶች መድረኩ ላይ ልብሳቸውን ያወልቃሉ። ጣሪያው ያፈሳል፤ ደንበኛው ወንበሩን በእጁ ሳይዳብስ አይቀመጥም። የሚሠሩበት ሰዎች ግን ይወዱት ነበር፤ ሰው የማይወደው ነገር የለም።

ያን ጠዋት ኒልዳ ካራባዮ የቲኬት መስኮቷ ውስጥ ገብታ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ ሽማግሌው ኦጊ መጥቶ መስታወቱን በሁለት እጁ መደብደብ ጀመረ። ኦጊ የመድረኩ ሠራተኛ ነው፤ ገመዱም መብራቱም በእሱ እጅ ነው።

«ኒልዳ! ነይ ውጪ! ሰውዬው ሞቷል!»

«የቱ ሰውዬ፣ ጋሽ ኦጊ?»

«ግሪሰም ነዋ! ከመድረኩ ፊት፣ የሙዚቀኞቹ ጉድጓድ ውስጥ ተጋድሟል። አንገቱ ተሰብሯል!»

ኒልዳ ለቴአትሩ ባለቤት ለግሪሰም አላዘነችም፤ ለእሱ የሚያዝን ሰው በመንገዱ ላይ አይገኝም ነበር። የደነገጠችው ስለ ወንድሟ ነው። ሩቤን የፓላዲን በር ጠባቂ ነው፤ ከእስር በአመክሮ ከወጣ ዓመት አልሞላውም። ትናንት ከሰዓት ግሪሰም ከአውቶቡስ ተራ አንዲት ልጅ ይዞ መጥቶ «አዲሷ ዳንሰኛችን ናት» ሲል፣ ሩቤን «ይቺማ ሕፃን ናት፣ አላስገባም» አለ። ግሪሰም «በአንድ ስልክ ወደ ጉሮኖህ እመልስሃለሁ» አለው። ሩቤን በሰልፈኛው ሁሉ ፊት ኮሌታውን አንቆ «አንገትህን ነው የምሰብርልህ!» አለ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ፤ ቤትም አላደረም።

ኒልዳ እንግዲህ ይሄን ሁሉ ደምራ ወንድሟ ገዳይ ነው ብላ አመነች። ማመኗ ራሱ አስፈራት።

የተላከችው መርማሪ ሎሬታ ሃስኪንስ የምትባል የሐርለም ሴት ናት፤ ወፍራም፣ ዝግተኛ፣ ያን ቀን ደግሞ ጉንፋን የጣላት። ከወንዶቹ ፖሊሶች አንዱ ከኋላዋ ሲስቅ ኒልዳ አየችው። ሃስኪንስም አይታዋለች፤ ዞር ብላ ቡና አስመጣችው።

«ወንድምሽ የት ነው ያደረው፣ ልጄ?»

«ቤት። እኔ ጋ።»

«እራት ምን በላችሁ?»

«ሩዝ… ሩዝና ባቄላ።»

«ማነው የሠራው?»

«እሱ… እኔ።»

ሃስኪንስ አፍንጫዋን በመሐረብ ጠርጋ አየቻት። «ይሄን ነገር አሁን ብትተዪው ይቀልሻል። እያደረ ይከብድሻል።»

«እውነቴን ነው» አለች ኒልዳ።

«በይ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጪ። ከዓይኔ እንዳትርቂ።»

ኒልዳ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን መድረኩን ረግጣ አታውቅም፤ ትፈራዋለች። መሃሉ ላይ፣ ረጅም ብረት ጫፍ ላይ የተሰካ ራቁት አምፖል እንደ ሁልጊዜው ይበራል። የቴአትር ሰዎች መድረክን በጨለማ ትተው አይሄዱም፤ የሞቱ ተዋንያን ይቀየሙናል ይላሉ። ከአምፖሉ ወዲህ ጉድጓዱ አፉን ከፍቷል፤ ግሪሰም እዚያ ውስጥ፣ ከተገለባበጡ የብረት ወንበሮች መሃል፣ በአንሶላ ተሸፍኗል።

«የገደልኩት እኔ ነኝ!» ኦጊ ያለቅሳል። «ቧንቧ ፈንድቶ የጉድጓዱን ክዳን ሳንቃ ያነሳሁት እኔ ነኝ! ሳልመልሰው ሰነበትኩ!»

«ክፍት መሆኑን ሟቹ ያውቅ ነበር?»

«እንዴት አያውቅ! በዚሁ ሲሰድበኝ ነው የከረመው። ወደ መልበሻ ክፍሎቹ የሚያስወጣው ደረጃ ከመድረኩ ማዶ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። በየቀኑ ጫፉን ታክኮ ያልፋል።»

ሃስኪንስ እያቃሰተች ተንበረከከች። ከመድረኩ ጥግ እስከ ጉድጓዱ ከንፈር ድረስ የተቃጠሉ የክብሪት እንጨቶች ተንጠባጥበዋል። የመጨረሻው ተቃጥሎ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

«ሲጋራ ያጨስ ነበር?»

«ሐኪም ከልክሎታል። ክብሪቱን ለጥርሱ መጎርጎሪያ ነው የሚይዘው።»

«ይሄን አምፖል ማን አበራው?»

«ማንም አያበራውም፣ አይጠፋማ! ቀን ወደ ጥግ እገፋዋለሁ፣ ስንዘጋ መሃል አቆመዋለሁ፣ አለቀ።»

«ሲቃጠልስ?»

«ሶኬቱን ነቅዬ እቀይራለኋ። እኔ በወጣትነቴ ኤሌክትሪክ አንስቶ የወረወረኝ ሰው ነኝ፤ ሶኬት ሳልነቅል አምፖል አልነካም።»

«ዳንሰኞቹስ?»

«ይሞክሯታ! አንዷ የመብራት ገመድ የነካች ቀን የመድረክ ሠራተኞች ማኅበራችን ሥራ ያቆማል። ሶኬቱ የት እንዳለ እንኳ አያውቁም።»

«በር ጠባቂውስ?»

«ሩቤን? እሱማ ይስቅብኛል። ‹ጋሽ ኦጊ፣ ለሙታንም መብራት ታበራለህ እንዴ?› ይለኛል።» ኦጊ ይሄን ካለ በኋላ ኒልዳን አየና ደነገጠ። «ለጨዋታ ነው እንጂ ክፉ ልጅ አይደለም።»

ሃስኪንስ ገመዱን ተከትላ ከመጋረጃው ጀርባ ጠፋች። ስትመለስ ጣቷ ላይ የሸረሪት ድር ነበር። አምፖሉን በመሐረብ ይዛ ስትፈታው መድረኩ ጨለመ፤ ኦጊ በድንጋጤ አማተበ። በእጅ ባትሪ አየችውና ኒልዳን ጠራቻት።

«ነይ እስቲ፣ የኔ አፍንጫ ተደፍኗል። አሽትቺልኝ።»

ኒልዳ ግድ ሆኖባት ወጣች። ሳንቃው ከእግሯ ሥር ሲንቋቋ የምትወድቅ መሰላት። አምፖሉ ላይ ቡናማ ሆኖ ያረረ ነገር ተለጥፏል።

«የተቃጠለ ቅባት ነው» አለች። «ጽጌረዳም አለው።»

የማን እንደሆነ ልታስብ ጊዜ አላገኘችም። በዋናው በር ሩቤን በካቴና ታስሮ፣ በሁለት ፖሊሶች መሃል እየተገፋ ገባ።

«ኒልዳ! ምንም አላደረኩም! ማዶ ያለው ፊልም ቤት እንቅልፍ ወስዶኝ ነው ያደርኩት!»

«ስንቱ ገዳይ ፊልም ቤት አደረ መሰላችሁ» አለ አንደኛው ፖሊስ፣ ሌላውም ሳቀ። ኒልዳ አንድ ቃል መናገር አልቻለችም። የእድሜ ልክ እስራት የሚሉት ነገር ፊት ለፊቷ ቆሞ ታያት፤ እናታቸው ስትሞት «አደራሽን» ያለቻትም ትዝ አላት።

ትከሻዋን ያቀፋት ሰው ነበር። ክላሪስ ናት፣ የቤቱ አሮጌ ዳንሰኛ። ፓላዲን እውነተኛ ቴአትር በነበረበት ዘመን ገብታ፣ የእሷ ዘመን ሴቶች ወደ ሌላ ቤት ሲበተኑ እሷ ብቻ የቀረች። የዛሬዎቹ ዳንሰኞች ሲዘጋ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ እሷ ግን እላይ መልበሻ ክፍሏ ውስጥ ነው የምትኖረው። አንገቷ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋለች።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ። እግዜር አለ።»

«እትዬ ክላሪስ፣ ይወስዱታል!»

ሃስኪንስ ቀረብ አለች። «እርስዎ ትናንት ሲዘጋ የት ነበሩ?»

«እላይ፣ ፊቴን ስጠርግ።»

«ሰው ሲወድቅ አልሰሙም?»

«እዚህ ቤት የሚሰማው ብዙ ነው። አይጥ ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

«ትልቅ አይጥ ነበር» አለች ሃስኪንስ። «አዲሷ ልጅስ?»

«ወደ እናቷ ሄዳለች።»

«ማን ላካት?»

ክላሪስ ፎጣዋን አስተካከለች። «አውቶቡስ» አለች።

ሃስኪንስ ሁሉንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው፤ ኦጊን፣ ክላሪስን፣ ኒልዳን፣ ሩቤንንም ከነካቴናው። ወንበር አስመጥታ ተቀመጠች፤ እነሱ ግን ቆሙ።

«አንድ ሰው ስለ ክፍት ጉድጓዱ እያወቀ፣ ክብሪት እየጫረ ይሄዳል። ለምን?»

ሃስኪንስ አንድ የተቃጠለ የክብሪት እንጨት ከኪሷ አውጥታ አሳየቻቸው።

«ጨለማ ስለነበረ ነው። ይሄ መብራት እየበራ ክብሪት የሚጭር እብድ ብቻ ነው፤ ሟቹ ደግሞ ክፉ ነው እንጂ እብድ አልነበረም አሉ። እንግዲህ ሲወድቅ መብራቱ ጠፍቶ ነበር። ጠዋት ኦጊ ሲገባ ግን በርቷል። ጋሼ፣ ሲገቡ በርቶ ነበር አይደል?»

«በርቶ ነበር፣ በእናቴ!»

«ስለዚህ ሰውዬው ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው መብራቱን መልሶ አብርቷል። ይሄ ነው ራሴን ያዞረው። ገዳዩ ጨለማውን ትቶት ቢሄድ ኖሮ፣ እኛ አምፖሉ ላልቶ ጠፋ፣ ሰውዬውም ተደናቅፎ ወደቀ ብለን በሰላም እንቀብረው ነበር። በገዛ እጁ መብራቱን አብርቶ ራሱን ያጋለጠው ለምንድነው? ጥቅሙ ምንድነው?»

«ጥቅም የለውም» አለ ኦጊ ሳያስበው። «መድረክ ጨለማ ውስጥ አይተውም እንጂ።»

ተናግሮ ሲጨርስ አፉን በእጁ ያዘ።

«አዎ» አለች ሃስኪንስ ቀስ ብላ። «ገዳዩ ስለ ጥቅሙ አላሰበም። ልማዱ ቀደመው። ይሄ ልጅ» ወደ ሩቤን አመለከተች፣ «በሙታን መብራት የሚስቅ ነው። ቢገድል ኖሮ ጨለማውን ትቶ ይሮጥ ነበር። ፍቱት።»

ካቴናው ሲከፈት ኒልዳ እንባዋ አመለጣት። ሃስኪንስ ግን ወደ እሷ ዞረች። «አንቺም መድረኩን ስትረግጪ ዛሬ የመጀመሪያሽ ነው፤ እግርሽ ነግሮኛል። የቀራችሁ ሁለት ናችሁ።»

ኦጊና ክላሪስ ተያዩ።

«ጋሽ ኦጊ መብራት የሚያጠፉት ሶኬት ነቅለው ነው። ሶኬቱ ላይ ግን ሸረሪት አድርቶበታል፤ የነካው የለም። ያጠፋው ሰው ከነትኩሳቱ አምፖሉን ነው የፈታው፤ ሶኬቱ የት እንዳለ አያውቅማ። የጋለ አምፖል በባዶ እጅ አይያዝም፤ በጨርቅ ነው የያዘው። ጨርቁ ላይ ደግሞ የፊት ቅባት ነበር፣ ጽጌረዳ የሚሸት። መልሶ ሲያበራው መስታወቱ ላይ አረረ።»

ኒልዳ የዚያን ሽታ ባለቤት ያኔ አወቀች። ክረምት ሲገባ እጇ ሲሰነጣጠቅ፣ ከዚያው ብልቃጥ ስንቴ ተቀብታለች።

ክላሪስ ፎጣውን ከአንገቷ አውርዳ አጠፈችው።

«ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው» አለች። «ከእሷ በፊት ሌላ ነበረች፤ ከዚያች በፊትም ሌላ። አንዷን ከወንዙ ነው ያወጧት፤ ትክክለኛ ስሟን እንኳ አናውቀውም ነበር። ፖሊስ ጋ ሄጄ ነበር። እንደኔ ያለች ሴት ስለ ክብር ልታወራ መጣች ብለው ሳቁብኝ። ይቺኛዋን ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳት። እሱ አላወቀም፤ ሲዘጋ እላይ ክፍሏ እንደሚመጣ ነግሯት ነበር። እኔ ደግሞ አምፖሉን ፈትቼ ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ።»

«እሱም ክብሪት ይጭር ጀመር» አለች ሃስኪንስ።

«ጫረ። እያንዳንዱ ሲበራ አየኝ እያልኩ ልቤ ሊፈነዳ ነበር። መጨረሻው ላይ ጣቱን አቃጠለውና ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከዚያ ድምፁን ብቻ ሰማሁ።» ትንፋሽ ወሰደች። «ብጠራው መልስ የለም፤ መሞቱን አወቅኩ። ልወጣ ስል… እንዴት ትቼው ልሂድ? መድረኩ ጨለማ ነበራ።»

ኦጊ ፊቱን ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። መርማሪዋ ላይ ሲስቅ የነበረው ፖሊስም መሬት መሬት ያይ ነበር። ኒልዳ ወደ ክላሪስ ተጠጋች። ልታቅፋትም ልትመታትም የፈለገች ይመስል እጇ አየር ላይ ቀረ።

«እትዬ ክላሪስ… ወንድሜን ቢወስዱትስ ኖሮ? ዝም ይሉ ነበር?»

ክላሪስ ያጠፈችውን ፎጣ መልሳ ዘረጋችው።

«ዛሬ ዝም ብያለሁ፣ አይተሻል። በካቴና ሲያስገቡትም አቅፌሽ ዝም አልኩ። ነገ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም፣ የኔ ልጅ። መዋሸት አልፈልግም።»

ሃስኪንስ ካቴና አላሰረቻትም። ክንዷን ይዛ፣ ደረጃውን አብራት ቀስ ብላ ወረደች።

ውጪ ፀሐይ ነበር። ከቲኬት መስኮቱ ፊት ሰልፈኞች ቆመው «ለምን አይከፈትም?» እያሉ ያጉረመርማሉ። ሩቤን የእጁን አንጓ እያሻሸ ከእህቱ ጎን ቆመ። ኒልዳ ክንዱን ያዘችው፤ በሕይወት መኖሩን በእጇ ማረጋገጥ ፈልጋ ነበር።

«ቤት ነው ያደረው አልሻቸው አሉ» አለ።

«አዎ።»

«ግን ስገባ የት ነበርክ ብለሽ እንኳ አልጠየቅሽኝም። ዝም ብለሽ አየሽኝ።»

«ደንግጬ ነዋ፣ ሩቤን።»

«ኒልዳ፣ እኔን እይኝ። አንቺም የገደልኩት እኔ መስዬሽ ነበር፣ አይደል?»

ከጠዋት ጀምሮ ስትዋሽ ውላለች፤ አንድ ተጨማሪ ውሸት ምንም አይደለም ነበር። አፏን ከፈተች፤ ግን አልሆነላትም።

«አዎ» አለችው።

ሩቤን ራሱን ነቀነቀ። ክንዱን ከእጇ ቀስ አድርጎ አላቀቀና በሰልፈኞቹ መሃል ወደ ስምንተኛው ጎዳና ሄደ። ኒልዳ ስሙን ልትጠራ ፈለገች፤ ዞሮ እንዳያያት ግን ፈራች።