የቦሰት ደመና

በላይነሽ ዘገዬ የጆቴን መልክ ሳታይ ድምፁን ወደደችው።

እሷ ከናዝሬት ወጣ ብሎ በሚገኝ የእርሻ አውሮፕላኖች ማረፊያ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበረች። እሱ መተሐራ ተቀምጦ በሸንኮራና በጥጥ ማሳ ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጭ አብራሪ ነበር። ጠዋት ጠዋት አየሩን ከጠየቃት በኋላ ሥራ ያልሆነ ወሬ ጣል ያደርግላታል። አዋሽ መሙላቱን፣ አሸዋው ላይ አዞ ተዘርሮ ማየቱን ይነግራታል። አባቷ የባቡር ሠራተኛ መሆናቸውን ከሰማ ወዲህ ደግሞ «የአባትሽ ባቡር ወለንጪቲን አልፏል» ማለት ለመደ። በሬዲዮ ሳይጠራት ያረፈደ ቀን ሻይዋ ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል። ለምን እንደሆነ ግን ለራሷም አልነገረችም።

በ1976 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በድንገት ጠቆረ። አብሯት የሚሠራው ሰው ስብሰባ ተጠርቶ ሄዷል። አየር ላይ ሁለት አብራሪዎች ነበሩ፤ ጆቴ ከመተሐራ፣ ኑሬ የሚባለው ጓደኛው ከዝዋይ፣ ሁለቱም ወደ ናዝሬት እየመጡ ነበር። በረዶው የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድበው፣ መብረቁ ሬዲዮውን ሲያንኮሻኩሸው፣ የሰው ድምፅ ሁሉ አንድ ሆነባት።

«ምንም አይታየኝም። በየት ልምጣ?» አለ አንዱ።

ኑሬ መሰላት። «ወደ ግራ ዙር፤ ግራው ክፍት ነው» አለች።

ጠያቂው ጆቴ ነበር። በእሱ ግራ፣ ደመናው ውስጥ፣ የቦሰት ተራራ ቆሟል።

ጥቂት ቆይቶ ሌላ ድምፅ «እኔ ኑሬ ነኝ፤ እኔስ በየት ልዙር?» ሲላት ክው አለች። ያኔ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር፤ ደመናውና ተራራው ምስክር አይሆኑም። እሷ ግን ይህን ለማሰብም ጊዜ አልነበራትም። መናገሪያውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣

«ጆቴ፣ ተሳስቻለሁ። ግራው ለኑሬ ነበር። ከፊትህ ቦሰት ነው፤ አሁኑኑ ወደ ቀኝ ዙር» አለች።

መልስ የለም። ኑሬን እየመራች በሰላም አሳረፈችው፤ ከዚያ ደጋግማ ጆቴን ጠራች። በረዶው አባርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ሜዳው ነጭ ሆኖ እያብለጨለጨ እሷ አሁንም ትጠራለች። በመጨረሻ ስልክ ተደወለ። ከወለንጪቲ ፖሊስ ጣቢያ ነበር፤ አንድ አውሮፕላን በቆሎ ማሳ ውስጥ ወድቋል፣ አብራሪው ክንዱ ተሰብሯል እንጂ ሕይወቱ ተርፏል አሏት። በላይነሽ ስልኩን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

በማግስቱ ብርቱካን ገዝታ ሆስፒታል ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ነርሷን ዝቅ ባለ ድምፅ «ጆቴ የሚባለው በሽተኛ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀች።

«በላይነሽ» አለ አንድ ሰው ከጥግ በኩል፤ «የአባትሽ ባቡር ደረሰ?»

ዞር ብላ አየችው። ጠይም ነው፤ ፊቱ ተቧጥጧል፤ ሲስቅ ፍንጭቱ ይታያል።

«ልገድልህ ነበርኮ» አለችው።

«አውቃለሁ። ቁጭ በይ።»

ቁጭ አለች። ብርቱካኑን ልጣ አንድ አንድ እያደረገች አጎረሰችው።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዘመኑ «አሻጥር» የምትል አንዲት ቃል ሰው የምታስበላበት ዘመን ነበር። አጣሪ ኮሚቴ ሲቋቋም አለቃዋ አዝነውላት፣ ሬዲዮውን መብረቅ መታው ብትይ ማንም አይከራከርሽም አሏት። አቶ ዘገዬም ልጃቸውን ለመኗት። እሷ ግን የሆነውን እንደሆነው ተናገረች። ከኮሚቴው አንዱ ካድሬ የሕዝብ ንብረት ሆን ተብሎ እንደወደመ ማስረዳት ሲጀምር፣ ጆቴ ክንዱን በጀሶ ታስሮ ገባ።

«ጓዶች፣ ያሳሳተችኝ እሷ ናት፤ ያዳነችኝም እሷ ናት፤ ወደ ቀኝ ስዞር ተራራውን ለጥቂት ሳትኩት፣ ማሳው ላይ የጣለኝ በረዶው ነው። አሻጥረኛ ስህተቱን በሬዲዮ አይለፍፍም። ይልቅ እንዲያ ባለ ዝናብ አንዲትን ሰው ብቻዋን ከሁለት አውሮፕላን ጋር የተዋት ማን እንደሆነ ጠይቁ» አለ።

እንዲህ መናገር እሱንም ሊያስጠረጥረው እንደሚችል የማያውቅ አልነበረም። በመጨረሻ በላይነሽን ከሬዲዮው አንስተው ዕቃ ግምጃ ቤት መደቧት፤ ከእስር ግን ተረፈች።

ጆቴ ጀሶው እስኪፈታ ናዝሬት ከረመ። ማታ ማታ ከሥራ ስትወጣ ይጠብቃትና በባቡር ጣቢያው በኩል እስከ ቤቷ ይሸኛታል። አንድ ምሽት ላግባሽ አላት። በላይነሽ ፊቷን አዞረች። አዝኖልኝ ነው ብላ አሰበች። እናቱስ ልጃቸውን ለሞት ልትዳርግ የነበረች ሴት በምን ዓይን ያዩኛል? እንቢ አለችው፤ ምክንያቱንም አልደበቀችውም። እሱ አልተከራከራትም። እናቱ ወዳሉበት ወደ ሻሸመኔ ሄደ።

በሁለተኛው እሑድ እናቱ ወይዘሮ አሰፋሽ ራሳቸው መጡ። አቶ ዘገዬ ደንግጠው ተነሥተው ወንበር ለቀቁላቸው። በላይነሽ ለወቀሳ ተዘጋጅታ አንገቷን ደፍታ ቆመች።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ ደኅንነቷን ጠየቋት፣ እጇን ይዘው። ከዚያ እዚያው እንደቆሙ ስለ ባላቸው ነገሯት። የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ መንገድ ላይ ሞቱ፤ እንዴት እንደሞቱ ግን እስከ ዛሬ እውነቱን የነገራቸው የለም። አንዱ ፍሬን ነው ይላል፣ አንዱ ዝናብ፣ አንዱ ዕድል።

«አንቺ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው ብለሽ ልጄን መለስሽልኝ። ላመሰግንሽ ነው የመጣሁት። ሌላው የሁለታችሁ ጉዳይ ነው» አሏት።

በላይነሽ ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ ስትል ደግፈው አነሷትና አቀፏት። አቶ ዘገዬ መስኮቱ ጋ ሄደው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ። ኑሬ ሚዜ ሆነ፤ የበቆሎው ማሳ ባለቤት ከወለንጪቲ በግ ጎትቶ መጣ። በሠርጉ ሳምንት ሁለቱ ላንጋኖ ወርደው ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ሳለ፣ በላይነሽ ለመጠየቅ ስትፈራው የኖረችውን ነገር አነሣች።

«መጀመሪያ የነገርኩህ ስህተት ነበር። ሁለተኛውን እንዴት አመንከኝ?»

ጆቴ ጠጠር አንሥቶ ውሃው ላይ ወረወረ።

«ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር» አላት። «ለራሱ የሚፈራ ሰው ድምፅ አውቃለሁ፤ እኔም ያን ሰዓት እንደሱ ነበርኩ። አንቺ ግን የፈራሽው ለእኔ ነበር። ስለዚህ ዞርኩ።»

በላይነሽ ተሰብሮ የዳነውን ክንዱን ወደ ራሷ ሳበችና ጉንጯን አስደገፈችበት፤ በልቧም ተመስገን አለች።