ከጃይሳልመር ወደ ባርመር የሚሄደው ባቡር

ሙት አነጋገረኝ የሚል ሰው ፊት ለፊቴ ሲቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ማታ ምን በልተህ ተኛህ ብዬ ነው፣ እመነኝ ወዳጄ፣ ከዚህ የተሻለ መልስ የሚገባው ወሬ ሰምቼ አላውቅም፣ ሮም ውስጥ ያለው ሐበሻ ግማሹ ሕልም አላሚ ግማሹ ሕልም ፈቺ በነበረበት በዚያ በደርግ ዘመን እንኳ፣ እኔ ቪያ ቮልቱርኖ የሚባል ጎዳና ላይ ባለች አንዲት ጠባብ የጉዞ ወኪል ቢሮ ተቀምጬ ቲኬት እቆርጥ ነበር እንጂ ዛር አላነጋግርም ነበር። የማምነው በባቡር የሰዓት መጽሐፍ ብቻ ነው፣ እሱንም ቢሆን በጣሊያኑ አይደለም።

ህንድ እሄዳለሁ የሚል ሁሉ ወደ እኔ ይላክ ነበር፣ የዚያን አገር ሰሜን ምዕራብ፣ የትኛው ባቡር በጠባብ ሐዲድ እንደሚያዘግም፣ የትኛውን አውራ ጎዳና ጎርፍ እንደሚቆርጠው፣ በሰፈሩ ውስጥ እንደኔ የሚያውቅ አልነበረማ። ዓለም አቀፉ የምግብ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠሩት ባለ ክራቫት ወገኖቻችን ልጆቻቸውን አስከትለው ይመጡና በአንድ ሳምንት ታጅ ማሃልንም፣ አምሪትሳርንም፣ ጃይሳልመርንም ከነግመሉ አሳዪን ይሉኛል፣ ጣታቸው ካርታው ላይ ሲሄድ ስለማይደክመው እነሱም የማይደክማቸው ይመስላቸዋል። ዲግሪ ተሸክሞ ርቀት የማያውቅ ሰው ያስቀኛል።

እትዬ ትርፌ ግን እንደነሱ አልነበሩም። ፓሪዮሊ በሚባለው የሀብታም ሰፈር አንዲት ጣሊያናዊት ሲኞራ ቤት ተቀምጠው የሚሠሩ የጎንደር ሴት ናቸው፣ ያላቸው አንድ ልጅ፣ ሰሎሞን፣ በመንግሥት ተልኮ ባርመር በምትባል የህንድ በረሃ ከተማ የደረቅ አገር እርሻ ይማር ነበር፣ ጨርሰህ ና ሲባል ደርግን ፈርቶ እዚያው ቀረ። ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ ወንድማቸው ዘንድ ትተውት ከመጡ ወዲህ አላዩትም። ሲኞራዋ ነሐሴን ባሕር ዳር ስለምታሳልፍ ፈቃድ አግኝተው፣ ፒኜቶ ሰፈር አንዲት እህታቸው የተወችላቸው ቤት ገብተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና «የኔ ልጅ፣ እስከ ደጁ የሚያደርሰኝን መንገድ ጻፊልኝ» አሉኝ። በነሐሴ ዝናብ ወደዚያ በረሃ፣ ወደ ራጃስታን! በልቤ ስቄ፣ በአፌ ግን እሺ ብዬ ቀላሉን መንገድ ጻፍኩላቸው፣ በአውሮፕላን ዴልሂ፣ ከዴልሂ በማታው ባቡር ጆድፑር፣ ከጆድፑር በሌላ ባቡር ባርመር፣ አለቀ።

በማግስቱ አቶ ይልማ መጡ። አቶ ይልማ ማለት ምግብ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ትልቅ ወንበር ያላቸው፣ የዕድሩም የማኅበሩም የሰርጉም ሊቀመንበር የሆኑ፣ ፒፓቸውን ሳያቀጣጥሉ ጥርሳቸው ውስጥ ይዘው የሚዞሩ ሰው ናቸው። በሩን ዘግተው ወንበሩን ሳቡና ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ያ ልጅ የለም» አሉኝ።

«የቱ ልጅ?»

«የትርፌ ልጅ። ከጃይሳልመር ወደ ባርመር ሲመለስ የተሳፈረበት አውቶቡስ ተገልብጦ ሞቷል። እዚያው ቀብረውታል። ፓስፖርቱን ዴልሂ ያሉ ባልደረቦቼ ልከውልኝ መሳቢያዬ ውስጥ ነው ያለው።»

«ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?»

«መርዶ እንዲህ በዘፈቀደ ይነገራል እንዴ! ወንድሟ ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት። የመውጫ ቪዛ እየጠበቀ ነው፣ ቀበሌው ደብዳቤ አልጻፈለትም። እስከዚያ አንቺ ጉዞውን አዘግዪልን፣ መንገዱን አወሳስቢው።»

ያን ጊዜ ያልኳቸውን ሁሉ አልጽፈውም፣ ባጭሩ ግን አንዲት እናት ልጇ መሞቱን ሰፈር ሙሉ እያወቀ ለብቻዋ ሳታውቅ የምትኖርበትን ሥርዓት ማን እንደፈጠረው ጠየቅኳቸው፣ እሳቸውም «አንቺ ጣሊያን ሆነሻል» አሉኝ፣ እኔም አሎራ፣ እንግዲያው ጣሊያን ልሁን አልኩ። ዞሮ ዞሮ ግን መርዶ ነጋሪ መሆን አልፈለግኩም፣ ስለዚህ ቀላሉን ወረቀት ቀደድኩና ሌላ ጻፍኩ፣ ዴልሂ፣ ቢካነር፣ ከቢካነር በአውቶቡስ ጃይሳልመር፣ ከጃይሳልመር ደግሞ ዝናቡ ካላቆመ በማይነሳ ባቡር ባርመር። እንዲህ የሚባል ባቡር የለም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ሐዲድም የለም፣ አሸዋ ብቻ ነው።

እትዬ ትርፌ ወረቀቱን ተቀብለው ስመው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «እስከ መስከረም እጠብቃለሁ እንግዲህ። ግልባጩን ለሰሎሞን ልኬለታለሁ፣ የት ጣቢያ እንደሚቀበለኝ ይወቅ» አሉኝ በሌላ ጊዜ ብቅ ብለው። ደብዳቤው ባለቤት አጥቶ ተመልሶ ይመጣል ብዬ ነበር ያሰብኩት።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የነሐሴን ሮም ታውቀው እንደሆነ በምሳ ሰዓት ከተማው ባዶ ነው፣ አለቃዬ የቢሮውን መዝጊያ እስከ ግማሽ አውርዶ ቤቱ ገብቶ ይተኛል፣ እኔ ግን ቤቴ ስለሚሞቅ እዚያው ጨለማው ውስጥ ዳቦዬን እበላለሁ። እናቴ በቀትር ሰው ብቻውን አይቀመጥም፣ የቀትር ጋኔን አለ ትለኝ ነበር፣ እናቴ ግን የኤሌክትሪክ ምጣድም ጋኔን አለበት ትል የነበረች ሴት ናት። ስልኩ ጮኸ።

«ፕሮንቶ» አልኩ አፌ ዳቦ እንደያዘ።

መልስ የለም። ከሩቅ አገር ሲደወል የመሥመር ሠራተኛዋ ናት መጀመሪያ የምትናገረው፣ እሷም የለችም፣ ጤፍ በወንፊት ሲነፋ ያለ ድምፅ ብቻ ይንሿሿል፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው ሻይ ሻይ እያለ በህንድኛ ይጮኻል፣ ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ቃል በዚያው ድምፅ ይደግመዋል። ከዚያ አንድ የወጣት ድምፅ በጠራ የአዲስ አበባ አማርኛ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የትርፌ ልጅ ነኝ፣ ሰሎሞን። የጉዞው ወረቀት ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ባቡሩ አልመጣም።»

«የቱ ባቡር?»

«ከጃይሳልመር የሚመጣው። እናቴ በሱ ትመጣለች ብዬ ባርመር ጣቢያ ቁጭ ብያለሁ። የሚጠብቀው ብዙ ሰው ነው። እርስ በርሳቸው ግን አይነጋገሩም።»

ጠረቀምኩት። ፈራሁ እንዳትል፣ ተናደድኩ። የማኅበሩ ሥራ ፈት ወጣቶች ናቸው ብዬ ወደ አቶ ይልማ ቤት ሄጄ በሙት የሚቀልድ ሰፈር ሊቀመንበሩም ያው ነው አልኳቸው። ሰውየው መሳቢያቸውን ከፍተው ፓስፖርቱን አሳዩኝ፣ ፎቶውም እናቱን ቁርጥ ነው። «ስለ ባቡሩ ከእኔ፣ ከአንቺና ከትርፌ በቀር ማን ያውቃል?» አሉኝ፣ ፒፓቸው ከአፋቸው ወጥቶ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ሌላ ቀን፣ ያው ቀትር፣ ያው ስልክ። አሁን የአሸዋው ድምፅ ቀንሷል።

«እህቴ፣ እናቴ አልመጣችም። እኔ ልምጣ? ትክክለኛውን መንገድ ንገሪኝ፣ ያኛው ስህተት አለበት።»

ልብ በል፣ ሰው እግዜርን ቢነካብኝ ዝም እላለሁ፣ ሥራዬን የሚነካብኝን ግን ሙትም ቢሆን አልምረውም። ስህተት አለበት ሲለኝ ደሜ ፈላ።

«ስማ» አልኩት፣ «ከጃይሳልመር ባርመር የሚሄድ ባቡር የለም፣ ኖሮም አያውቅም፣ ሽማግሌዎች ናቸው ያስጻፉኝ። አንተ ካለህበት ጣቢያ በቀጥታ ጆድፑር የሚወስድ ባቡር አለ፣ በሱ ሂድ። ጆድፑር ወርደህ የማታውን የዴልሂ ባቡር ያዝ። በፑንጃብ በኩል ልዙር እንዳትል፣ ለውጭ ሰው ዝግ ነው።»

«ከዴልሂ በኋላስ?»

«ከዴልሂ በኋላማ ፓስፖርት ያስፈልግሃል፣ ሮም ላይ ደግሞ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቁሃል» አልኩ እየተሳለቅሁ።

«እሱ አያስቸግርም» አለኝ፣ በትሕትና፣ እንደ ጨዋ ልጅ።

ስልኩን አስቀምጬ ዳቦዬን ጨረስኩ።

ሦስተኛው ጥሪ ነው ያጠፋኝ። መሥመሩ ጥርት ያለ፣ አሸዋ የለ፣ ሻይ ሻጭ የለ፣ ልጁ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ቢሯችን ጀርባ ያለው ቤተ ክርስቲያን ደወል ጀመረ፣ እመነኝ ወዳጄ፣ ያንን ደወል በአንድ ጆሮዬ በመስኮቱ፣ በሌላው ጆሮዬ በስልኩ ነው የሰማሁት።

«ደርሻለሁ» አለኝ። «ፒኜቶ በየት በኩል ነው?»

«ከጣቢያው ጎን ትራም አለ» አልኩት። ለምን እንደነገርኩት አትጠይቀኝ፣ መንገድ የጠየቀኝን ሰው ሳልመልስ ቀርቼ አላውቅም። ከዚያ መዝጊያውን ገፍቼ ወጣሁ፣ መንገዱ ላይ ፀሐይ ብቻ ነበር፣ ጥጉ ላይ ያለው የስልክ ሳጥን ውስጥ ማንም የለም።

በማግስቱ እትዬ ትርፌ ከች አሉ። ፊታቸው እንዲያ ወዝ አግኝቶ አይቼው አላውቅም። ክንዳቸው ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ሥጋ ይዘዋል፣ ጊዜው ደግሞ ፍልሰታ ነው፣ እሳቸው ደግሞ በፍልሰታ ወተት ያለበት ካፌ ደጃፍ የማያልፉ ሴት ናቸው።

«በጾም ሥጋ፣ እትዬ?»

«ለኔ መሰለሽ? መንገደኛ አለብኝ፣ አንጀቱ ታጥፎ ነው የመጣው። ያንን ጉዞ ሰርዢልኝ፣ ልጄ፣ አያስፈልገኝም።»

ሰረዝኩላቸው። መንገደኛው ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም።

በዚያው ሳምንት የወንድማቸው የመውጫ ቪዛ ተከለከለ፣ ሽማግሌዎቹም ከዚህ በላይ አይቆይም፣ መርዶውን እኛው እንንገር አሉ። እኔንም ለምነው ወሰዱኝ። ገና ጎህ ሲቀድ፣ በሥርዓቱ፣ ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው፣ አቶ ይልማ ፓስፖርቱን ደረት ኪሳቸው ከተው፣ ፒኜቶ ያለውን ደረጃ ወጣን፣ የሚወድቁ ከሆነ ማን እንደሚደግፋቸው፣ ማን ውሃ እንደሚያቀርብ፣ ማን ልቅሶውን እንደሚጀምር ሁሉ ተደልድሏል። ቢሮክራሲ ማለት እንዲህ ነው።

ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። እትዬ ትርፌ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፦

«ቀስ በሉ፣ ገና አሁን መተኛቱ ነው። መንገዱ አድክሞታል።»

ከኋላቸው የመኝታ ቤቱ በር ዝግ ነው። እሳቸው አንድ በአንድ አዩንና ደነገጡ።

«ምነው በጥቁር? ማን ሞተ?»

ያ ሁሉ ሊቀመንበር፣ ስብሰባ ላይ ሲናገር ማይክ የሚቀሙት ሰውዬ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ እንደገና ከፈቱና «የ... የሩቅ ሰው ነው» አሉ። ልተፋባቸው ምንም አልቀረኝም።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ እትዬ ትርፌ እንባ አቅርረው። የልጃቸውን ሞት ሊያረዳቸው የመጣውን ሰው ሁሉ እየዞሩ አጽናኑ፣ እኔንም ትከሻዬን ዳበሱኝ፣ እጃቸው ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ያኔ ከተዘጋው በር በስተኋላ አልጋ ተንቋቋ፣ ደረቅ ሳል ተሰማ፣ ከዚያም ያ ስልክ ላይ የማውቀው ድምፅ፦

«እማዬ፣ እሷም መጥታለች?»

«መጥታለች፣ ልጄ፣ ተኛ» አሉት።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድነው አላውቅም። ታች ስንደርስ አንዷ ሬዲዮ ነው አለች፣ ሌላው ቤት ተከራይ ይሆናል አለ፣ አቶ ይልማ ወደ ትራሙ ተጣድፈው ሄዱ፣ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ በሩን ከፍቶ እንይ አላለም፣ ፈሪ ሁሉ። እኔ? እኔ ለመክፈት አልተሰየምኩም ነበር።

መርዶው እስከ ዛሬ አልተነገረም። ስለዚህ ልቅሶም የለ፣ ተዝካርም የለ፣ ልጁንም ከእናቱ በቀር ያየው የለ። ዜናው ስህተት ነበር፣ ልጁ በሕይወት አለ በለኝ፣ ደስ ይለኛል፣ ግን ፓስፖርቱ አቶ ይልማ ኪስ ውስጥ ሆኖ በየትኛው በር ገባ? እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ድንበር ሳሻግር የኖርኩት ሴትዮ እንዲህ ያለ በር አላውቅም።

እትዬ ትርፌ ቤተ ክርስቲያን ባገኙኝ ቁጥር «ሰሎሞን ሰላም ብሎሻል፣ መንገዱን አሳምራ ነው የነገረችኝ ይላል፣ ምሳ ነዪ» ይሉኛል፣ እኔም ሥራ በዝቶብኝ ነው እላቸዋለሁ። ባለፈው እሑድ ግን እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ።

«መቼም አትመጪም፣ ለምጄዋለሁ» አሉ እየሳቁ። «እሱ ግን ተቀይሟል። እኔው ልሂድላት ብሎ ቤትሽ የት እንደሆነ ጠየቀኝ፣ እኔም ነገርኩት።»