ባለ መዘውሩ ማሽን

«ስኳሩን ይዛችኋል?» አሉ ጋሼ ከበደ፣ ልጆቹ ገና ከደጃፉ ሳይገቡ።

ሐምዲያ በፌስታል የተቋጠረውን ስኳር ከደብተር ቦርሳዋ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። በዚያ ሰሞን ስኳር በሸማቾች ማኅበር ተሰልፈው የሚያገኙት ነገር ስለነበር፣ የጥጥ ከረሜላ ማሽን የሚሸጥ ነጋዴ እንኳ የመሞከሪያውን ስኳር ከገዢው ነበር የሚጠብቀው። ጋሼ ከበደ ቋጠሮውን አንስተው በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉት።

«እናታችሁ ታውቃለች?»

«ታውቃለች» አለች ታላቅ እህቷ ኑርሃን።

እናታቸው ሙሀባ ስለ ማሽኑ እንጂ ስለ ስኳሩ የምታውቀው ነገር አልነበረም። በዚያ ሰዓት መናኸሪያው በር ላይ ሽንኩርቷን ዘርግታ፣ ወደ ደሴ የሚያልፉ አውቶቡሶችን መስኮት እያንኳኳች ነበር። ማታ ሻይ ልታፈላ ስትነሳ ጉዱ ይወጣል።

ጋሼ ከበደ በሸዋ ሮቢት ዋናው መንገድ ዳር ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት የሚያከራዩ ሰው ናቸው። ሰርግም ሆነ ለቅሶ ያለ እሳቸው አይደምቅም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የከተማው ሰው የልጆቹን ልደት ማክበር ሲጀምር፣ እሳቸውም ፊኛና ስፒከር ጨመሩ። አሁን ደግሞ ሁለት የጥጥ ከረሜላ ማሽኖች ሱቃቸው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

አንደኛው አዲስ ነው፤ ካርቶኑ እንኳ አልተጣለም። ሮዝ ነው፣ ከመታጠቢያ ሳፋ ያንሳል፣ ሶኬት ላይ ይሰካል። ሁለተኛውን ግን ማን እንደሠራው እግዜር ይወቀው። ባለ ሦስት እግር ብረት ላይ የተቀመጠ ሰፊ የቆርቆሮ ገበታ ነው። ከሥሩ የቡታጋዝ ምድጃ አለው፤ ከጎኑ ደግሞ በብስክሌት ሰንሰለት የሚሽከረከር የእጅ መዘውር ተበይዶበታል።

«ይቺ ሮዟ ቆንጆ ናት» አለች ሶስና። የሐምዲያ የክፍል ጓደኛ ናት፤ የመጣችውም ትንሽ ወንድሟ ሚልኪያስ እሁድ አምስት ዓመት ስለሚሞላውና የማሽኑ የመጀመሪያ ደንበኛ እሱ እንዲሆን ስለፈለገች ነው። ወደ አሮጌው ዞር ብላ አፍንጫዋን ነፋች። «ያኛው ምንድነው? ወፍጮ ነው እንዴ? በናትሽ ሐሚ፣ እሱን ይዘሽ ልደት ቤት ብትገቢ ሼም ነው።»

ሐምዲያ ሁለቱንም አየች። ምንም አልተሰማትም።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ኅዳር ላይ ኑርሃን ከሳዑዲ ከተባረሩት ሰዎች ጋር ተመልሳ፣ አንዲት የተቀደደች ሻንጣ ይዛ ከአውቶቡስ ስትወርድ፣ እናታቸው መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ጎረቤቱም አብሯት አለቀሰ። ሐምዲያ ግን ሻንጣዋን ተቀብላ ቆመች። እህቷ ስትሄድ ሐምዲያ አሥር ዓመቷ ነበር፤ ስትመለስ አሥራ አራት። በመሀል ያለውን ጊዜ ሁሉ ይሄን ቀን ስትጠብቅ ኖራ፣ ቀኑ ሲመጣ ዓይኗ ደረቅ ሆነ። ክንድ ላይ ተኝተው ሲነቁ ክንዱ የሌላ ሰው እንደሚመስለው፣ ውስጧ እንደዚያ ደንዝዞ ነበር። ይለቀኛል ብላ ጠበቀች። ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር ገባ፣ አለቀቃትም።

ትናንት ከሰዓት ደግሞ ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ስትወጣ ኑርሃን በስልክ ስታወራ ሰማቻት። ከደላላው ጋር ነበር።

«ማሽኑን ለእህቴ ልግዛላትና ከዚያ እወጣለሁ» ትላለች ኑርሃን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በጅቡቲም ከሆነ ግድ የለም። ባሕሩን ስንቱ ይሻገረው የለ።»

ከዚያ ዘወር ስትል ከሐምዲያ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ኑርሃን ስልኩን ዘጋችና ጠጋ አለቻት።

«ለእማ እንዳትነግሪ፣ ወላሂ። ማሽኑ ያንቺ ነው። እየተማርሽ እሁድ እሁድ ትሠሪበታለሽ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ምን እሆናለሁ?»

«እሺ» አለች ሐምዲያ።

የጎረቤታቸው የሸሪፍ ወንድም ያንኑ ባሕር ልሻገር ብሎ ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ እስካሁን አልደወለም። ሐምዲያ ይሄን ታውቃለች። እያወቀችም ልብሱን አስጥታ ጨረሰች፤ ገብታም የሒሳብ የቤት ሥራዋን ሠራች። ዛሬ ጠዋት መምህሩ ሲያርሙላት አንድም አልተሳሳተችም። ያኔ ነው በራሷ የደነገጠችው። እህቷ ባሕር ልትሻገር ነው፣ እሷ ኤክስ ስንት እንደሆነ ታገኛለች። ለእናቷ ልትነግራት ነበር፤ ነገር ግን ከትምህርት ስትመለስ እናቷ ሽንኩርቱን ስታሸክማት ተሸክማ ተከተለቻት።

«ቢስሚላህ» አለች ኑርሃንና አንድ ማንኪያ ስኳር ሮዟ ማሽን ውስጥ ጨመረች።

ማሽኑ እንደ ንብ ጥዝዝ አለ። ትንሽ ቆይቶ ነጭ ክር ከመሀሉ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ኑርሃን የቀርከሃ ስንጥሯን ይዛ አንድ ሁለቴ ስታዞረው ክሩ ተከትሏት መጣ፤ ወዲያው የጭንቅላት ያህል አበጠ። ሶስና አፏን ከፍታ ቀረች። ጋሼ ከበደም ሲያዩ ቆይተው «የት ለመድሽው?» አሉ።

«ጅዳ። የምሠራበት ቤት ልክ እንደዚህ ያለ ነበራቸው። ለልጆቹ ልደት እኔ ነበርኩ የምሠራላቸው።»

ሐምዲያ ይሄንን በፎቶ ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ ኑርሃን በላከችው ፎቶ ላይ የሐር ቀሚስ የለበሱ የሌላ ሰው ልጆች ጥጥ ከረሜላ ሲበሉ ይታያሉ። ኑርሃን የለችበትም። ከፎቶው ጠርዝ የገባ፣ ስንጥር የያዘ አንድ እጅ ብቻ አለ። እናታቸው ግን ከአውራ ጣቱ በታች ያለችውን የቃጠሎ ጠባሳ አይታ «የልጄ እጅ ነው» ብላ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ቤቱ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ከኑርሃን የነበረው ያ እጅ ብቻ ነው።

ኑርሃን የሠራችውን ለሁለቱም አካፈለቻቸው። ሶስና ፊቷን ከረሜላው ውስጥ ቀብራ ስትወጣ ፂም አብቅላ ነበር። ሐምዲያ ቁራሽ ምላሷ ላይ አደረገች። ጠፋ። ጣፋጭ መሆኑን አወቀች፤ ነገር ግን ሰው የነገራት እንጂ ራሷ የቀመሰችው አልመሰላትም።

«በቃ ይቺን እንወስዳለን» አለች ኑርሃን። «ለቤትም ለልደትም ትሆናለች። ቀላል ናት፣ ባጃጅ ላይ በጭን ይዞ መሄድ ነው። አንድ ሰው ይበቃታል።»

የመጨረሻዋን ቃል ስትናገር ሐምዲያን አላየቻትም።

«ደግ መርጠሻል» አሉ ጋሼ ከበደ፣ ካርቶኑን እየጎተቱ። «ያቺኛዋማ ከእጅ አይሻል ዶማ ናት። ከካራቆሬ ባልና ሚስት ነው የገዛኋት። እሱ ሲያዞር እሷ ትጠቀልላለች። ሁለት ሰው ነው የምትፈልገው። የሚያዞረው እጁን ካነሳ ስኳሩ አርሮ ቤቱን ጭስ በጭስ ያደርገዋል። ባልየው ታሞ ሲተኛ ሴትዮዋ ብቻዋን ብትል ብትሠራ አልሆንላት አለ፤ አምጥታ ሸጠችልኝ።»

ሐምዲያ ወደ አሮጌው ማሽን ተጠጋች። መዘውሩን ነካችው። ሰንሰለቱ ተንጓጓ።

«እስቲ ይሄንንም እንሞክረው» አለች። ሱቁ ውስጥ ከገባች የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነበር።

«ኧረ ተይ ሐሚ!» አለች ሶስና።

«መብራት ሲጠፋስ? እሁድ ልጆቹ ተሰብስበው መብራት ቢጠፋ ሮዟን ምን እናደርጋታለን?»

ይህን ለመመለስ የሚደፍር የሸዋ ሮቢት ሰው የለም። ጋሼ ከበደም ራሳቸውን አከክ አከክ አድርገው ክብሪት ፍለጋ ወደ ውስጥ ገቡ።

እሳቱ ሲለኮስ፣ ፊቱንም በቆርቆሮው ጣሪያ ምድጃ የሆነው ሱቅ የባሰ ጋለ። ኑርሃን ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ አሰረችና መዘውሩን ያዘች። ሐምዲያ ስኳሩንና ስንጥሩን ያዘች። ማንም አልከፋፈላቸውም፤ እንዲሁ ሆነ።

መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ክር የሐምዲያ ቅንድብ ላይ እየበረረ ተለጠፈ። «አትጫኚው፣ ራሱ ይምጣልሽ» አለች ኑርሃን። «አንቺ ደግሞ ፍጠኚ» አለች ሐምዲያ። «እየፈጠንኩ ነው፣ አንቺ ነሽ የተኛሽው።» «አንቺ ነሽ እንጂ።» ሁለቱም እንዲህ ከተነታረኩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

ሐምዲያ ልጅ ሳለች ኑርሃን ገመድ ታዞርላት ነበር። አንዱን ጫፍ ደጃፋቸው ካለው የኒም ዛፍ ጋር ታስርና ሌላውን ጫፍ ይዛ፣ ክንዷ እስኪዝል ታዞራለች፤ ሐምዲያ ትዘላለች። ኑርሃን ከሄደች በኋላ ገመዱ ዛፉ ላይ እንደታሰረ ክረምትና በጋ ተፈራረቀበት። ማዞሪያ ሰው ያጣ ገመድ ምን ያደርጋል። አሁን እህቷ ክንዷን እንደዚያን ጊዜው ከትከሻዋ እያዞረች ስታያት፣ ሐምዲያ ስንጥሩን መቼ ማዞር እንዳለባት ሳታስበው ገባት። ክሩ ተሰብስቦ ይመጣላት ጀመር። ከሮዟ ማሽን የተሠራውን ያህል አያምርም፤ ዳር ዳሩ ቡናማ ነው፣ ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል።

ያኔ የኑርሃን ስልክ ጠራ። ቦርሳዋ ባንኮኒው ላይ ነበር፤ የስልኩ መብራት በዚፑ ክፍተት ይታያል። ኑርሃን ወደዚያ ተመለከተች፤ ክንዷም ቀስ አለ።

«ካቆምሽ ያርራል» አለች ሐምዲያ።

ኑርሃን አላቆመችም። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ከማሽኑ አናት የተፈናጠረ የቀለጠ ስኳር የሐምዲያን የእጅ አንጓ የነካው በዚሁ ቅጽበት ነው። አቃጠላት። «እህ» ብላ እጇን ሳበች። ቀይ ነጥብ ወጣ፣ እንባዋም ዓይኗን ሞላው፤ ነጥብ ለምታህል ቃጠሎ በዝቷል። አመማት። እህቷ ትሄዳለች ብላ ፈራች፣ በጣም ፈራች፤ ከኅዳር ጀምሮ የጠበቀችው ነገር ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣባት።

«ወይኔ፣ ውሃ ይምጣላት?» አሉ ጋሼ ከበደ።

«ግድ የለም» አለች ሐምዲያ። በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገች። «ጋሼ ከበደ፣ እኛ የምንወስደው ይሄንን ነው።»

ሶስና «አበድሽ?» አለች፤ የሰማት ግን የለም።

ኑርሃን እያዞረች እህቷን አየቻት። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ረጅም ጊዜ አይታት አታውቅም። «ሐምዲያ፣ ይሄንን እኮ ብቻሽን አትችይውም።»

«አልችለውም» አለች ሐምዲያ።

ጋሼ ከበደ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አዩ። ከዚያ የሮዟን ማሽን ካርቶን መልሰው ከደኑት።

ስልኩ እንደገና ጠራ። የኑርሃን ዓይን ወደ ቦርሳው ሄደ። ማሽኑ ውስጥ የነበረው ስኳር ሊያልቅ ምንም አልቀረውም፤ ክሩ ሳስቷል፤ ትንሽ ብትታገሥ ልታቆመው ትችላለች፣ ምንም አያርርም። መዘውሩም ዝግ ማለት ጀመረ።

ሐምዲያ ፌስታሉን ፈታችና አንድ ማንኪያ ስኳር ጨመረች። ስልኩ እየጠራ ነው። ሌላ ማንኪያ ጨመረች።